የቢላው ድምፅ

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ላጫውታችሁ። በ1982 ዓ.ም. ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ለውትድርና የሚደረገው አፈሳ የበረታበት ጊዜ ነው፤ ቁመቱ መዘዝ ያለ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ እንቅልፍ የላትም። የእኔዋም ጎኗን ሳታሳርፍ አድራ፣ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝና "መርካቶ ሰው በሰው ነው፤ አጎትህ አያጣም መሸሸጊያ" ብላ ጉያዬ ውስጥ አንድ ጥቅል ወሸቀችልኝ። በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ነው፤ ገና ከምጣድ የወረደ፣ ትኩሳቱ ሸሚዜን አልፎ ሆዴን የሚያሞቅ። "ግማሹ ላንተ፣ ግማሹ ለወንድሜ" አለችኝ።

አውቶቡሱ ኬላን፣ ቡኢን፣ ጢያን እያለ በአቧራው መሀል ሲያዘግም የቆጮው ጠረን ቀስ በቀስ ወጣ። ጉድጓድ ከርሞ የበሰለ እንሰት፣ ለለመደው የቤት ሽታ ነው፤ ላልለመደው ግን… አጠገቤ የተቀመጠች፣ ሹሩባዋ ያማረ ልጅ መስኮቱን ከፈተች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ያ ሁሉ አቧራ እየገባ መስኮቱን ከፈተች፤ በቃ። እኔም ጥቅሉን በእግሬ ገፋ ገፋ አድርጌ ከመቀመጫው ሥር ደበቅኩት። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ እዚያው ትቼው ወረድኩ።

አጎቴን ጋሼ ነው የምለው። ሱቁ በራፍ ላይ ስሞኝ፣ ስለ ከብቱም ስለ ሰዉም ጠይቆኝ ሲያበቃ፣ እጄን አየት አደረገና "እህቴ ቆጮ አልላከችልኝም?" አለ። "አልላከችም" አልኩ። "እህ" ብሎ ሚዛኑን ወደ መወልወል ተመለሰ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ያቺ "እህ" ስንት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ኖራለች።

ቀን ቀን ከሳሙና ካርቶን ጀርባ እየተሸሸግኩ፣ ማታ ማታ እዚያው እየተኛሁ የከረምኩት 1983 ግንቦት ላይ አበቃ። መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ከካርቶኑ ጀርባ ወጣሁ። ጋሼ ያን ጊዜ ነው ክትፎ ፍለጋ ይዞኝ መዞር የጀመረው። ቅዳሜ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋና ካፖርቱን ደርቦ "ና እስቲ፣ አንተ ልጅ" ይለኛል። ታፔላ ያለው ቤት አይስበውም። በአሜሪካን ግቢ፣ በሰባተኛ፣ አንዳንዴም እስከ ፒያሳ፣ ጓሮ ለጓሮ ያዞረኛል። አንዱ በር ላይ ይቆምና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የሚያዳምጠው ቢላ ነው። ቢላው እንጨቱ ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ እንገባለን። የማሽን ጉርምርምታ ከሰማ ግን "ይሄ ተፈጨ እንጂ ተከተፈ አይባልም" ብሎ ይዞኝ ይመለሳል።

አንድ ቤት ትዝ ይለኛል፤ አግዳሚ ወንበሩ ከዐሥር ሰው በላይ አይዝም። ሴትየዋ ቀይ ሥጋውን ከነጭ ጅማቱ ለይታ ታወጣለች፤ የዘነጋቻት ክር ብታገኝ በጥፍሯ ትመዛለች። ከዚያ ቢላውን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ፤ ሥጋው እንደ ሊጥ እስኪለሰልስ። ጣባው እሳት ዳር ሞቆ ይጠብቃል። ቅቤው ይቀልጥና ኮሰረቱ ሲሸት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወሬ ያቆማል። "ጥሬ ነው ለብ ለብ?" ትላለች፣ መልሱን እያወቀች። ጋሼ አይቡንም ጎመኑንም አልፎ መጀመሪያ ከቆጮው ቆርሶ ያኝካል፤ ረጅም ጊዜ ያኝካል። "ጥሩ ነው" ይልና "የእህቴ ግን…" ብሎ ይተወዋል። እኔ ሚጥሚጣው የበዛብኝ መስዬ አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳልጠይቀው መብራቱ ወደሚያብረቀርቅ ትልቅ ቤት ወስጄው፣ ክትፎው ሦስት ቀን አስተኝቶናል። ኮሶውንም አብረን ነው የጠጣነው፤ እሱን አልተርክላችሁም።

የመስቀል ሰሞን ሲሆን መርካቶ ጭር ይላል፤ በአረፋም እንደዚያው። ሸቀጡ ተቆልፎ ሰዉ ወደየሰፈሩ ይፈልሳል፣ ግማሹ በወልቂጤ፣ ግማሹ በቡታጅራ መንገድ። የቡታጅራው መንገድ ራሱ በ1950ዎቹ ተወላጁ ገንዘብ አዋጥቶ ያስጀመረው ነው፤ ጋሼ እሱን እያነሳ ሲኮራ የሰጣትን ብር ቁጥር አይረሳም። እኔ ግን መስቀል በደረሰ ቁጥር ሰበብ እፈልግ ነበር። እናቴና ወንድሟ አንድ ጣባ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የዚያች ጥቅል ወሬ ብትነሳስ?

ጋሼ እውነቱን ሳይሰማ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ወልቂጤ ለሁለት ዓመት አስተምሬ ነበር። ወልቂጤዎች ክትፎ የእኛ ነው ይላሉ፤ ቡታጅራዎችም እንደዚያው፤ እኔ በዚህ ጠብ አልገባም። እዚያ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ጃፓናዊ ጓደኛ ነበረኝ። ገና በመጣ በሳምንቱ ክትፎ ቤት ስወስደው፣ ይሸማቀቃል ስል፣ "ጥሬ?" ሲባል "ጥሬ" ብሎ ቀደመኝ። ለካ አገሩ ጥሬ ዓሣ ይበላል። ቶኪዮ እንዲህ ያለ ትልቅ ከተማ ሆኖ፣ ደህና የዓሣ ቤት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው አለኝ፤ ጥቂት ሰው ብቻ ባንኮኒው ዙሪያ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ፊት ለፊታቸው ይቆርጣል። ቢላውን እንዴት እንደሚይዝ በእጁ አሳየኝ። ጋሼ ቢኖር "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ ይጠይቀው ነበር።

እናቴ አዲስ አበባን ያየችው ካረጀች በኋላ ነው። እነ ዮሐንስ ክትፎ ስማቸው አገር ከሞላ፣ ክትፎ በምንጣፍ ላይ መበላት ከጀመረ ቆይቷል። ከሁሉ ይሻላል ያልኩት ቤት ወሰድኳት። ከክትፎው በቀንድ ማንኪያ ጫፍ ቀመሰችና "ጥሩ ነው" አለች፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ከዚያ ቆጮውን ቆረሰች። አኘከችው፤ እንደ ወንድሟ ረጅም ጊዜ አኘከችው። "ይሄን ማን ነው የጋገረው?" ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ብጠብቃት ብጠብቃት አልወጣችም። ሒሳቡን ከፍዬ ብገባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከምጣዱ አጠገብ ከቆመች ሴት ጋር በጉራጊኛ ይጫወታሉ። የሴትየዋ እናት ለካ ከእኛ መንደር ነው የተዳረችው። የእናቴ ዓይን በጢሱ ይሁን በሌላ እንባ አቅርሯል። "ና፣ ይሄን ያዝ" አለችኝ፤ በኮባ የተጠቀለለ፣ ትኩስ። "ለመንገድ ነው።"

ቤቴ ሁለት ታክሲ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ፊት ለፊት የተቀመጠ ወጣት አፍንጫውን አሸት አደረገና መስኮቱን ገፋ። እናቴ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።