ከታች የሚመጣ ሙቀት

ልጅ ሳለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ዳር ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረው ሰፈራችን አንድ የኮሪያ ዘማች ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። እኛ ልጆቹ «አባባ ኮሪያ» እያልን እንጠራቸዋለን። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ባለበሰው ጠዋት፣ በርኖሳቸውን ደርበው ከደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ስለዚያ ሩቅ አገር ያወጉን ነበር። የሚገርመው፣ ስለ ተኩሱና ስለ ጀብዱው እምብዛም አያነሡም። ደጋግመው የሚያወሩት ስለ ቤቱ ነው።

«ወለሉ ይሞቃል» ይሉናል። «እሳቱን የሚያነዱት በአንድ በኩል ነው፤ ሙቀቱ ግን በወለሉ ሥር ተጉዞ በሌላ በኩል ይወጣል። ሰዉ ጫማውን አውልቆ ይገባና መሬት ላይ ይተኛል። አልጋ አያሻውም።»

እኛም እንስቅባቸዋለን። ከወለሉ ሥር እሳት እየነደደ ቤቱ እንዴት አይቃጠልም? መሬት ላይ መተኛትስ ከመቼ ወዲህ ነው ወግ የሆነው? ሽማግሌው አይቆጡም። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ! ወለሉን የሚያውቀው ብርዱን ያየ ነው» ብለው ዝም ይላሉ።

የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ መድረሱን፣ ከስድስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በተከታታይ መዝመታቸውን፣ ከመቶ ሃያ የሚበልጡትም በዚያው መውደቃቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። የኮሪያ ክረምት ከጠላት እኩል የሚፈራ እንደነበረም ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አባባ ኮሪያ አርፈው ነበር። ስለ ወለሉ ደግሜ ልጠይቃቸው አልታደልሁም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ እናቴ ቤት ለመጻፍ ነው።

የተወለድሁበት ቤት የድንጋይ ቤት ነበር። ግድግዳው በጭቃ የተገነባ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ጣሪያው አባቴ መንዝ ካሉት ዘመዶቹ ዘንድ በአህያ ያስመጣው የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳ እንዲያው የሚታጨድ ተራ ሣር አይደለም። የመንዝ ሰዎች ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ከፍተው፣ ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩት ሀብት ነው። ከበሩ በስተግራ የበጎቹ ጋጣ ነበር። ከጋጣው በላይ በወፍራም እንጨት የተረበረበ ቆጥ አለ፤ እኛ ልጆቹ የምንተኛው እዚያ ላይ ነው። ሌሊት በጎቹ ከሥራችን ሲያመሰኩና ሲያስነጥሱ እንሰማለን። ምድጃው ከቤቱ መካከል ነበር፤ የኩበቱ ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ መሐል ቀስ እያለ ይጠፋል። ሁሉም ጭስ ግን አይጠፋም። የእናቴ ዓይን ዓመቱን ሙሉ እንደቀላ ነው። የእኔም ልብስ ትምህርት ቤት ድረስ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ያን ቤት አፍርሼ አዲስ ቤት የሠራሁላት እኔ ነኝ። ለምን አፈረስኸው የሚለኝ ቢኖር፣ ስለ ዓይኗ ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ስለ ዓይኗም ስለ ራሴ እፍረትም ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ይዤ ገንዘብ ስቋጥር፣ የልጅነቴን ሽታ ከነቤቱ ልፍቀው ፈልጌ ነበር።

አዲሱ ቤት የብሎኬት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ፣ የሴራሚክ ወለል፣ በሰፊ መስታወት የተሠሩ መስኮቶች አሉት። ፕላኑን ያገኘሁት ከአዲስ አበባ ነው፤ ማድ ቤቱ ከግቢው ጓሮ ለብቻው ተሠራ። ጎረቤት መጥቶ እልል አለ፤ ቄሱም ባረኩት። የአሮጌውን ቤት ድንጋይ የሚፈልገው ስላልነበረ ከአጥሩ ጥግ አስከመርሁት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ለዚያች ከተማ የሚሆን ቤት ስሠራ ስለ ብርድ አንድ ጊዜ እንኳ አለማሰቤ ዛሬም ይገርመኛል። የመጀመሪያው ጥቅምት ሲመጣ ቆርቆሮው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ በተነው። ሴራሚኩ እንደ በረዶ ሆነ። እናቴ በነጠላዋ ላይ በርኖስ፣ በበርኖሱ ላይ ባና ደርባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አላማረረችም። «ያማረ ቤት ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነበር ያለችኝ።

በኅዳር ወር አንድ ሌሊት፣ ከሰል የተያያዘበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘግታ ተኛች። ንጋት ላይ አብራት የምትኖረው ልጅ ብትጠራት አልመለሰችም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተሸክመው ወደ ደጅ አወጧት። ነፋሱ ሲነካት ቀስ በቀስ ነቃች። ስልኩ ሲደወልልኝ እኔ 130 ኪሎ ሜትር ርቄ፣ አዲስ አበባ ነበርሁ። ያን መንገድ እንዴት እንደ ደረስሁ አላስታውስም።

የማስታውሰው መንገዱን ሁሉ ያሰብሁትን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በድንጋዩ ቤት ከእሳት አጠገብ የተኛች ሴት፣ እኔ በሠራሁላት ቤት ውስጥ ልትሞት ነበር። አሮጌው ቤት በሣሩ መሐል ይተነፍስ ነበር። ዓይናችንን አጠፋው እያልን ያማነው ያ ሁሉ ቀዳዳ እስትንፋሳችንን ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜ፣ ብርዱን ውስጥ አስቀረሁት።

ስደርስ እናቴን ያገኘኋት ጓሮ፣ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ከምድጃው አጠገብ ዝተት አንጥፋ ጋደም ብላለች።

«አትከፋ ልጄ» አለችኝ። «ቤቱ መልካም ነው። ለእንግዳ ይሁን፤ እኔ እዚህ ይሻለኛል።»

አባባ ኮሪያ ትዝ ያሉኝ ያን ዕለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ስለዚያ ወለል ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ።

ኦንዶል ይባላል። ሃኖክ በሚሉት በጥንቱ የኮሪያ ቤት፣ የማድ ቤቱ ምድጃ ከመኝታ ክፍሉ ወለል ዝቅ ብሎ ይሠራል። ምግብ ለማብሰል የተለኮሰው እሳት፣ ጭሱና ትኩሳቱ በወለሉ ሥር በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል አልፎ ከቤቱ ሌላ ዳር ባለው ጭስ መውጫ ይወጣል። ድንጋዩ ላይ ጭቃ ይመረጋል፤ በጭቃው ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይነጠፋል። አንዱ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምግቡን ያበስላል፣ ሌሊቱን ደግሞ ሰውን ያሞቃል። ሽማግሌው አንዲት ቃል አልጨመሩም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ከተሞቹ ሲጨናነቁ፣ በማገዶው ፈንታ ዮንታን የሚሉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የድንጋይ ከሰል ጡብ ተስፋፋ። ወለሉ ሲሰነጠቅ ሽታ የሌለው መርዝ ወደ መኝታው ይሾልካል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እንደተኛ ቀርቷል። ይህን ያነበብሁ ዕለት ገጹን ገልጬ መቀጠል አልቻልሁም። የእናቴ ማንደጃ በሌላ አገር፣ በሌላ ስም፣ በሌሎች እናቶች መኝታ ቤት ሲገባ እያየሁት ነበር።

ኮሪያውያን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው እኔን ያስደነቀኝ። መርዙን አስወግደው ወለሉን አስቀሩት። በጭሱ ምትክ የሞቀ ውሃ በቧንቧ ከወለሉ ሥር አሳለፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ሴኡል ውስጥ የማፖ አፓርትመንት የመጀመሪያ ሕንፃዎች ሲቆሙ ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ እንግዳ ነገር ነበር፤ ዛሬ ከአገሪቱ ቤተሰብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በአፓርትመንት ነው። ታዲያ በሠላሳኛው ፎቅ ላይም ቢሆን ሰው ጫማውን አውልቆ የሚገባው ወለሉ ወደሚሞቅ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. መንግሥታቸው የኦንዶልን ባህል በብሔራዊ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ቅርሱ ግን በየቤቱ ዛሬም ሥራ ላይ ነው።

ከዘመናችን የሕንፃ ባለሙያዎቻቸው አንዱ የሆነው ሱንግ ሂዮ ሳንግም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሴኡል ውስጥ ሱጆልዳንግ የተባለውን ቤት ሲሠራ፣ መሬት እንደ ወርቅ በሚወደድበት ከተማ ከቤቱ መሐል ሰማይ የሚታይበት ባዶ ግቢ ተወ። ማዳንግ ይሉታል፤ ከአሮጌው ቤት የወሰደው ነው። የቤቱ መልክ ፈጽሞ አዲስ ነው፤ ግቢው ግን አያቶቹ የሚያውቁት ግቢ ነው።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ አጋማሽ መሠራት ሲጀምር፣ ነዋሪው እንጀራ የሚጋግርበትና በግ የሚያርድበት የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ ጎን እንዲሠራ ታስቦ ነበር። ይህን ያሰበ ሰው አሮጌውን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው እላለሁ፤ ዳሩ ግን ያ የጋራ ቤት ለሌላ ተግባር ሲውል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ፣ ከስዊዘርላንድ በመጡ ባለሙያዎች ትብብር አንድ ባለ ሁለት ደርብ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። የታችኛው ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ የወለሉና የጣሪያው ቅስት ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች የቆመ ነው። እግራችን ሥር ያለው አፈር ፎቅ ሊሆን እንደሚችል ያ ቤት አሳይቷል። እኔ ግን ብሎኬት ስገዛ አላሰብሁትም።

አንኮበርም ሄድሁ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረው ኮረብታ፣ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ወደ እንጦጦ ካለፉ ወዲህ ክብሩን አጥቶ ቤተ መንግሥቱም ፈርሷል። በሄድሁበት ጊዜ በዚያው ኮረብታ ላይ የጥንቱን ቤተ መንግሥት መልክ ተከትሎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነበር። ያምር ነበር። በረንዳው ላይ ቆሜ ቆላውን ቁልቁል ስመለከት የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ «ለእንግዳ ይሁን»። ጥንቱን ለእንግዳ መሥራት እናውቅበታለን። ለራሳችን ግን ከሌላ ቦታ በመጣ ፕላን እንሠራና እንበርዳለን።

ከአንኮበር በተመለስሁበት ሌሊት በእናቴ አዲስ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አጥቼ ሳለሁ ቆጡ ትዝ አለኝ። በጎቹ ከታች፣ እኛ ከላይ። ያ ጠረን፣ ያ ቀስ ብሎ ወደ ጀርባችን የሚወጣ ሙቀት! አባባ ኮሪያን የሳቅንባቸው ልጆች፣ በየሌሊቱ ከታች በሚመጣ ሙቀት ላይ ተኝተን እናድግ ነበር። እኛም ኦንዶል ነበረን፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ። እኔም ያፈረስሁት ጭሱን ልሸሽ ብዬ ነው። ጭሱንና ሙቀቱን መለየት እንደሚቻል አልታየኝም ነበር።

በማግሥቱ አንድ የአንኮበር ግንበኛ ጠራሁ። ከአጥሩ ጥግ የተከመረውን ድንጋይ አየና «የአባትህን ቤት መልሰህ ልትሠራ ነው?» አለኝ። «ግማሹን» አልሁት።

የመኝታ ክፍሏን የጓሮ ግድግዳ አፍርሰን በአሮጌው ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ ሠራን። ማድ ቤቱን ከዚያ ግድግዳ ጋር አጣብቀን፣ ምድጃውን ጀርባውን ለግድግዳው እንዲሰጥ አደረግን፤ ጭሱ በማድ ቤቱ በኩል ከጣሪያ በላይ ይወጣል። በመኝታው በኩል ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ ገነባን። ኮሪያውያን በሕይወት ከፍለው የተማሩትን ስለማውቅ፣ ጭስ በመደቡ ሥር እንዲያልፍ አልደፈርሁም። ከኮርኒሱ ሥርም የማይዘጋ የነፋስ መግቢያ ተውን። ግንበኛው ግድግዳውን ሲመርግ፣ አንዲት ስንጥቅ እንዳትቀር እያልሁ ከኋላው ቆሜ አሰለቸሁት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች መደቡ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። እናቴ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ገብቷታል።

ነገሩ ፍጹም ነው አልልም። ነፋስ ሲነሣ ጭስ መውጫው ወደ ማድ ቤቱ ይመልሳል። ዶሮ ሲጮህ ድንጋዩ መብረድ ይጀምራል። ማታ እንጀራ ተጋግሮ እንደሆነ ግን ግድግዳው እስከ እኩለ ሌሊት እጅን ያሞቃል፤ መደቡም ከግድግዳው ይቀበላል።

በአራተኛው ማታ እናቴ ዝተቷን አነጠፈች፣ ባናዋን ደረበች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጋደም አለች። እኔ ከበሩ ቆሜ ምን እንደምትል እጠብቃለሁ። ብዙ ቆየች።

«በጎቹ ብቻ ቀሩ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ መኝታ ክፍሏ ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ። ሴራሚኩ ዛሬም ይቀዘቅዛል፤ ሦስት እርምጃ ነው፤ እሮጥና መደቡ ላይ እወጣለሁ። አባባ ኮሪያ ቢኖሩ መጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እንዲነኩት እለምናቸው ነበር። ስለ ሳቃችንም ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።