ፕሪንተሩ ዝም ሲል

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ ባለጉዳይ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ተሰልፎ፣ ተገፍቶ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ገንዘብ ያዡ ቀና ሳይል «ሲስተም የለም» ይለዋል፤ መቼ ይመጣል ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ «አይታወቅም» ይጨመርለታል። እኔ ለዓመታት የሠራሁት ከዚያች «አይታወቅም» ጀርባ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ቅርንጫፎቹ ከመቱ እስከ ሻኪሶ፣ ከጅንካ እስከ ወልዲያ የተዘረጉ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ነበር፤ ስሙን ልተወው። እኔ የኔትወርክ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አንድ ቅርንጫፍ መቋረጡን የምናውቀው በስልክ ነበር። ያውም ስልኩ በቀጥታ ወደ እኛ አይመጣም። ገንዘብ ያዡ ትንሽ ይጠብቅና ለሥራ አስኪያጁ ይነግራል፤ ሥራ አስኪያጁ ለዲስትሪክቱ፣ ዲስትሪክቱ ለአለቃችን። አለቃችን በሩን በርግዶ «መቱ የለም እኮ! ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲል ነው እኛ የምንሰማው። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ቅርንጫፉ «ከጠዋት ጀምሮ የለም» ይላል፤ መስመር ሰጪው «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ይላል፤ እኛ መሐል ቆመን ከሁለቱም ወገን እንሰደባለን። ማን ልክ እንደሆነ የምንዳኝበት ነገር በእጃችን አልነበረም።

ሰዓቱ ራሱ ያጣላ ነበር። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ» ብለው ይጽፋሉ። የመስመር ሰጪው ቴክኒሻን በፈረንጅ አቆጣጠር 9:00 ብሎ ይመዘግባል። የእኛ ሰርቨር ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ይሠራ ስለነበር ያንኑ ደቂቃ 6:00 ይለዋል። አንዱ መቋረጥ ሦስት ሆኖ በወር ሪፖርት ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሪፖርቱን ያጠናቀረው ሰው ሦስቱንም ቆጥሮ «ችግሩ ተባብሷል» የሚል አስተያየት ጨምሮበት ነበር።

በ2011 መግቢያ ላይ አለቃችን ከአንድ ሥልጠና የሚያብረቀርቅ ብሮሸር ይዞ መጣ። ዋጋው በዶላር የተጻፈ የክትትል ሶፍትዌር ነው። ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በየኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ እሱም የማሽኑን ጤንነት ለማዕከል ያሳውቃል። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የቅርንጫፍ ኮምፒውተር ማታ ሥራ ሲያበቃ ይጠፋል፣ ኤጀንቱም አብሮት ይጠፋል። የእኛ ራውተርና ስዊች ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይጫንም። የመስመር ሰጪው ንብረት የሆነውን ሞደም የይለፍ ቃል እንኳ አልተሰጠንም። በዚያ ላይ ለመጫን ደምቢ ዶሎና ጅንካ ድረስ ሰው ይላክ ቢባል የአበሉና የመኪናው ፈቃድ እስኪፈረም ክረምት ይገባል። እኛ ልናውቅ የፈለግነው «ቅርንጫፉ አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ብቻ ነበር። ለዚህ ፒንግ ይበቃል አልን።

ፒንግ ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። አንዱ መሣሪያ ለሌላው «አለህ?» የሚል ትንሽ ፓኬት ይልካል፤ ያኛው ተቀብሎ ያንኑ ይመልሳል፤ ደርሶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚመራበት ደንብ፣ አይሲኤምፒ የሚባለው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ፕሮግራሙን የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በ1983 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሜሪላንድ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ቤተ ሙከራ ሲሠራ የኔትወርክ ችግር ገጥሞት በአንድ ምሽት ጨረሰው። በ2000 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ሞተ። ያን ምሽት የጻፈው ፕሮግራም ግን እስከ ዛሬ በየኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ እዚያ ማዶ ምንም ነገር መጫን አለማስፈለጉ ነው፤ ራውተር፣ ስዊች፣ ካሜራ፣ ፕሪንተር፣ አድራሻ ያለውና ያልተከለከለ ሁሉ ይመልሳል።

ማዕከሉ ላይ ዛቢክስን ጫንን። የላትቪያ ሰዎች የሚሠሩት፣ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ሶፍትዌር ነው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰሙ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ነገር መስመሩን አይበላውም ወይ?» የሚል ነበር። አልፈረድኩባቸውም፤ ጠባብ መስመር ላይ የሚሠሩ ቅርንጫፎች ነበሩን። ወረቀት አውጥቼ ፊታቸው አሰላሁ። አንድ ፓኬት 84 ባይት ነው። በደቂቃ ሦስት እንልካለን፣ ሦስት ይመለሳል፤ በድምሩ 504 ባይት። በቀን ሲባዛ 0.7 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። «ሠራተኞቹ ጠዋት በቴሌግራም ከሚላላኩት የ‹እንደምን አደራችሁ› ፎቶ አይበልጥም» ስላቸው ሳቁና ፈረሙ።

የመጀመሪያው ምሽት አበሳጭ ነበር። ቅርንጫፉ ሁሉ ቀይ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ራውተር ሳይቀር ቀይ። ዛቢክስ ፓኬቱን ራሱ አይልክም፤ ኤፍፒንግ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ያዛል። ኤፍፒንግ ደግሞ እንዲህ ያለ ፓኬት ለመላክ የሥርዓቱ ባለቤት ሥልጣን ይፈልጋል፤ ዛቢክስ የሚሠራው ግን በተራ ተጠቃሚ ስም ነው። ፈቃዱ ሲስተካከል ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ይህን የምጽፈው አሁንም እዚያው ጋ ተይዞ የሚያመሽ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ከዚያ የቪሳቶቹ፣ ማለትም በሳተላይት የሚገናኙት ቅርንጫፎች፣ ነገር መጣ። ሶፍትዌሩ ተዘጋጅቶ ሲመጣ መልስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ «ችግር አለ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ በፋይበር ለሚኖር ሰው የተቆረጠ ልክ ነው። በቪሳት የሚገናኝ ቅርንጫፍ ፓኬቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ ሳተላይቱን ነክቶ ይወርዳል፤ መልሱም ያንኑ መንገድ ይደግመዋል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ቢሄድ ወደ 480 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በተግባር 600 እና 700 ነው። ስለዚህ በቪሳት የምትገናኘው መቱ ምንም ሳትበድል ቀንና ሌሊት ስትከሰስ ሰነበተች። ቀድሞ ቪሳት ላይ የሠራ ባልደረባችን የነዚያን ቅርንጫፎች ገደብ ለብቻ ወደ 900 ከፍ አደረገውና ማስጠንቀቂያው አረፈ። የዋና መሥሪያ ቤቱ ራውተር ከወደቀ ደግሞ አርባ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ቀይ ሆኖ አርባ መልእክት ስልካችን ላይ እንዳይዘንብ፣ የቅርንጫፎቹን ማንቂያ በዋናው ራውተር ላይ ጥገኛ አደረግን። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው። የሚዘልለው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንቂያውን ድምፅ ነስቶ ይተኛል፤ ያኔ ክትትል የለም ማለት ነው።

ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ያልመለሰ ቅርንጫፍ ሲኖር መልእክት ይመጣልናል። አሁን እኛ ቀድመን መደወል ጀመርን። ነገር ግን ስንደውል የምንሰማው ያው ነበር፤ «መብራት ሄዷል።» መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሸከምና ሲያልቅ ራውተሩ ይጠፋል፤ ፒንጉ የሚነግረን የመጨረሻውን ነው። መስመሩ ተበጥሶ ይሁን መብራት ሄዶ አይለይም፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ሁለቱም ዝምታ ነው።

መላውን ያመጣችው ከክፍላችን ሁሉ ዕድሜዋ የምታንስ ቴክኒሻን ናት። «ለምን ፕሪንተሩን ፒንግ አናደርገውም?» አለች። ሳቅንባት። «ፕሪንተሩ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ነው። መብራት ሲሄድ እሱ ወዲያው ዝም ይላል፣ ራውተሩ ግን ገና ይመልሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ዝም ካሉ መስመሩ ነው፤ ፕሪንተሩ ብቻውን ዝም ካለ መብራት ነው» አለች። ሳቃችን ቆመ። ሌዘር ፕሪንተር ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤስ ላይ እንዳይሰካ መመሪያ ነበረን፤ ያ መመሪያ ለዚህ ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በኔትወርክ የሚሠራ ፕሪንተር የሌላቸው ቅርንጫፎች ጋ ከመጋዘን አሮጌ ባለአድራሻ ስዊች ልከን ግድግዳው ላይ አሰካን። ሥራው ያ ብቻ ነው፤ ተሰክቶ መቀመጥ።

ግንቦት 2011 ላይ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ አንሶ በአገር ደረጃ የመብራት ፈረቃ ሲታወጅ ይህች ዘዴ ዋጋዋን አወጣች። ፕሪንተሩ ዝም እንዳለ፣ ራውተሩ በዩፒኤስ እየመለሰ ሳለ፣ ወደ ቅርንጫፉ እንደውላለን። ሚዛን ቅርንጫፍ የነበሩት ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያ ቀን ስደውልላቸው አላመኑም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መብራት ሄዶባችኋል መሰለኝ። ጄኔሬተሩን ቢያስነሱልን።»

«አንተ ልጅ፣ የት ሆነህ ነው? ከተማ ገብተሃል እንዴ?»

«ኧረ አዲስ አበባ ነኝ።»

«ታዲያ ገና አሁን ድርግም ሲል እንዴት አወቅህ? ካሜራ አስገብታችኋል?»

ፕሪንተሩ ነገረኝ ብላቸው ያሾፍኩባቸው ስለሚመስላቸው ተውኩት። ወዲያው ዘበኛውን ጠርተው «ጋሼ፣ ጄኔሬተሩን» ሲሏቸው በስልኩ ሰማሁ። ሲስተሙ ሳይቋረጥ ዋለ። ከዚያ በኋላ የፈረቃው ነገር በአብዛኛው እንዲህ ነው ያለፈው፤ ናፍጣ ያለቀባቸው ቅርንጫፎች ሲቀሩ።

አንድ ቅርንጫፍ ግን ግራ አጋባን። በየቀኑ ረፋድ ላይ ፕሪንተሩ ለግማሽ ሰዓት ዝም ይልና ይመለሳል። ፈረቃ እንዳንል እሑድ አይደገምም። አንድ ቀን ዝም እንዳለ ደወልኩ።

«መብራት ሄደ እንዴ?»

«ኧረ አለ፣ ምነው?»

«ፕሪንተሩ ጠፍቷል።»

ገንዘብ ያዧ ዞር ብላ አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እትዬ ነቅለውት ነው፤ ቡና እያፈሉ ነው።» የኤሌክትሪክ ምድጃው የሚደርስበት ሶኬት ያው የፕሪንተሩ ብቻ ነበር። ማከፋፈያ ገዝተን ላክን። የዚያ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ግን ከዚያ ወዲያ ዋና መሥሪያ ቤት ቡና ስንጠጣ ያየናል ብለው አመኑ፤ አላስተባበልንም።

ከመስመር ሰጪው ጋር የነበረውን ሙግትም ግራፉ ፈታው። መቱ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ፓኬት እየጠፋ ይሄድና ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ቪሳቱ የሚጠቀምበት የኬዩ ባንድ ሞገድ በከባድ ዝናብ ይዳከማል፤ ይህ የታወቀ ነው። «በእኛ በኩል ሰላም ነው» ለሚለን ሰው የሳምንቱን ግራፍ ልከንለት «የዝናቡን ሰዓት አስተያየው» ስንለው ቴክኒሻን መጥቶ የሳህኑን አቅጣጫ አስተካከለ። ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ዝናቡ ዝናብ ነው። ቢያንስ ግን «የለም፣ አለ» መባባሉ ቀረ። በሌላ በኩል እኛም አፍረናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መስመር ነው ብለን የጮህንበት ነገር የራሳችን አሮጌ ስዊች መሞት ነበር፤ ሞደሙ እየመለሰ ራውተሩ ዝም ማለቱን ግራፉ አሳበቀብን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አለቆች አረንጓዴ ስክሪን ይወዳሉ። ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅለው እንግዳ ሲመጣ ያሳዩ ነበር። አንድ ወር መጨረሻ፣ ደመወዝ በሚወጣበት ቀን፣ ዳታቤዙ ተቆልፎ አርባውም ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ሲል ቴሌቪዥኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው ማለት ሱቁ ተከፍቷል ማለት አይደለም። ምክትል ሥራ አስኪያጁ «ይኸው አረንጓዴ ነው እኮ!» እያሉ ሲሟገቱ አፌን ይዤ ቆምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የዋናውን ሰርቨር አገልግሎት ራሱን በየደቂቃው እየጠራ የሚፈትሽ ሌላ ቼክ ጨመርን፤ እሱም ኤጀንት አይፈልግም።

ከዚያ ተቋም ከለቀቅሁ ቆየሁ። ቴክኒሻኗ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ የፒንግ ዝርዝሩ እንዳለ ነው፣ ፕሪንተሮቹም አሉበት። በየቅርንጫፉ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አደራችሁን፣ አዲስ ዩፒኤስ በመጣ ቁጥር ደግነት ተሰምቷችሁ ፕሪንተሩን እሱ ላይ አትሰኩት።