ሰኞ ሰኞ የሚይዝ በሽታ

ጥጥ በአገራችን የክብር ልብስ ነው። እኔ በማስተምርባት በሉማሜም፥ ጥጥ በደጋን ሲነደፍና በእንዝርት ሲፈተል እያየ ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ብናኙ በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ ላየው ሰው ጉዳት ያለበት አይመስልም። ነገር ግን ያው ብናኝ ቀኑን ሙሉ፥ ዓመቱንም ሙሉ ከተነፈሱት ሳንባን ይጎዳል። ከተማሪዎቻችን መካከል ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ወደ ፋብሪካ ከተሞች የሚሄዱ ስላሉ፥ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ባለፈው ፋሲካ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ከሚሠራበት የክር ፋብሪካ ለበዓል መጥቶ ነበር። ኑሮውን ብጠይቀው፥ «መምህር፥ አይሣቁብኝና፥ ከዕረፍት ተመልሼ ሥራ በጀመርሁ ዕለት ደረቴን ጥፍንግ አድርጎ ይይዘኛል፤ በማግስቱ ይተወኛል። ጓደኞቼ የእሑድ ጠላ ነው ይሉኛል» አለኝ።

እኔ ግን አልሣቅሁም። ይህ ቢሲኖሲስ የሚባለው፥ ከጥጥና ከተልባ ቃጫ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ወደ ፋብሪካ የሚገባው ጥጥ ብቻውን አይደለም፤ የደረቀ ቅጠል ስብርባሪ፥ አፈርና በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አብረውት ይገባሉ። እስሩ ሲፈታና ጥጡ ሲበጠር ይህ ሁሉ ይቦናል። ከባክቴሪያዎቹ የሚወጣው መርዝ የአየር ቧንቧዎችን ያስቆጣል፤ ቧንቧዎቹም ይጠባሉ። በመጀመሪያ የሚያስቸግረው ሰኞ ብቻ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማክሰኞም ረቡዕም ይጨመራል፤ በመጨረሻም ሥራውን ቢተዉት እንኳ የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ይሆናል። ሲጋራ በሚያጤስ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው፥ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 ከመቶ፥ በማበጠሪያው ክፍል ካሉት 37.5 ከመቶ በሽታው ተገኝቶባቸዋል።

ሆኖም በሽታውን መከላከል ይቻላል። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ፥ በክር ፋብሪካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው የጥጥ ብናኝ ከ0.2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ከዚያም ወዲህ በሽታው በዚያ አገር እጅግ ቀነሰ። ዋናው መፍትሔ ብናኙን ከምንጩ የሚስብ መሣሪያ ማቆም ነው፤ ጭምብል ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይሆንም። የሠራተኛው ትንፋሽ በየጊዜው መለካት፥ ሕመም የጀመረውም ብናኝ ወደሌለበት ክፍል መዛወር ይገባዋል። የእኛም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሎአል።

በ1700 እ.ኤ.አ. ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም፥ ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መክሮ ነበር። ለወጣቱም የነገርሁት ይህንኑ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ፥ ሳይጠይቅህም ሥራህንና የሚይዝህን ቀን ንገረው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም ነገ በጤና ጣቢያ፥ በሠራተኛ አስተዳደር ወይም በቁጥጥር ሥራ ትቀመጥ ይሆናል። ደረቱን ይዞ ለሚመጣ ሠራተኛ ሁለት ጥያቄ አትንፈገው፤ ምን ትሠራለህ? የሚብስብህስ በየትኛው ቀን ነው?