ጠብቆ ይነበባል

ሽማግሌው በሽተኛዬ የሞቃዲሾ ሰው ናቸው። ጣሊያን ከ1950 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሶማሊያን በተባበሩት መንግሥታት አደራ ስታስተዳድር ተማሪ ነበሩ። እኔም ሕክምናን የተማርኩት ፔሩጃ ነው። ስለዚህ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ አንድ ሶማሌና አንድ ኢትዮጵያዊ አያቶቻችንን በወረረው ሰው ቋንቋ ስለ ስኳር በሽታ እንነጋገራለን።

በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት ስለ ራሳቸውና ስለ ባለቤታቸው ሲያወሩኝ «ቶርኔሬሞ» ሲሉ ሰማሁ። «እንመለሳለን» ማለት ነው። የሚቀጥሉት ነገር ነበራቸው፤ እኔ ግን ሌላ በሽተኛ ደጅ ላይ ስለሚጠብቀኝ አላስጨረስኳቸውም። ለተከታዩ ቀጠሯቸው የኢንሱሊን ሰዓታቸውን ለረጅሙ በረራ አስልቼ፣ የወባ መከላከያ አዝዤ፣ ለአየር መንገዱ ደብዳቤ ጽፌ ጠበቅኳቸው።

ወረቀቶቹን አይተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም በጣታቸው ጠረጴዛዬን እየመቱ ቃሉን ከፋፈሉልኝ።

«ቶር፣ ኔ፣ ሬም፣ ሞ። ‹ም› ትጠብቃለች፣ ዶክተር። ቤታችን ቆሞ ቢሆን ኖሮ እንመለስ ነበር ነው ያልኩት።»

አፈርኩ። በጣሊያንኛ «እንመለሳለን» እና «እንመለስ ነበር» የሚለያዩት በዚያች በአንዲት መጥበቅ ብቻ ነው። ስትላላ ቃሉ ቶር-ኔ-ሬ-ሞ ተብሎ ይከፈላል። ስትጠብቅ ግን ለሁለት ትሰነጠቅና ግማሿ ያለፈውን ቀለም ትዘጋለች፣ ግማሿ ተከታዩን ትከፍታለች፤ ቶር-ኔ-ሬም-ሞ ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን መስማት ይከብደው ይሆናል። የእኔ ጆሮ ግን ምን ምክንያት አለው? «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል መሆኑን ከእናቴ ጉያ ሳልወርድ አውቄዋለሁ። ፊደላችን መጥበቅን አይጽፍም፤ ሁሉን ለአንባቢው ጆሮ ይተዋል። እኔም የሽማግሌውን ቃል እንደ ፊደላችን ሰማሁት፤ ደስ እንዳለኝ አላልቼ አነበብኩት።

ማታ ቤቴ ገብቼ የፔሩጃ መምህሬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳየችንን አስታወስኩ። የጣሊያንኛ የወደፊት ጊዜና የምኞት ግስ ሁለቱም ከአንድ የላቲን አሠራር የተወለዱ ናቸው። ንዑስ አንቀጹ፣ ማለትም «መመለስ»፣ ይቀድማል፤ «አለኝ» የሚለው ግስ ከኋላው ይለጠፋል። የአሁኑ «አለኝ» ሲለጠፍ «እመለሳለሁ» ይሆናል፣ ያለፈው «ነበረኝ» ሲለጠፍ «እመለስ ነበር» ይሆናል። ዘመን ሁለቱን ቃላት አጣብቆ መገጣጠሚያቸውን አጠፋው። እኛ ሳናጣብቅ ዛሬም እንናገረዋለን፤ መመለስ አለብኝ፣ መመለስ ነበረብኝ። ልዩነቱ የእኛ አነጋገር ዕዳውን በተናጋሪው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው።

ሽማግሌው የራሳቸውን ቃል በትክክል ያውቁታል። ቤታቸው ፈርሷል፣ ስለዚህ ያጠብቃሉ። የእኔ እናት ቤት ግን አዲስ አበባ ላይ ቆሟል። በየእሑዱ ደውላ መቼ እንደምመጣ ስትጠይቀኝ «እመጣለሁ» እላለሁ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ይህንኑ ብያለሁ። ትምህርት፣ ልጆች፣ የቤት ዕዳ፣ ተረኝነት እያልኩ አንዲቷን ድምፅ ሳላጠብቃት ኖሬአለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እውነቱን ልነግራት ቆረጥኩ።

«እማዬ፣ መምጣት ነበረብኝ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች።

«ነበረብኝ አትበለኝ፣ ልጄ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ገና አለሁ።»

ጠብቆ ይነበባል።