የጽርዕ ስም በሌሞ ቤት

ስም ሰውን ቀድሞት ወደ ሸንጎ የሚገባ፥ ከሞተም በኋላ በሰው አፍ የሚቀርለት ነገር ነው። ስለዚህ የቀደሙ ሰዎች «ስምን መልአክ ያወጣዋል»፥ ደግሞም «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» እያሉ ተረቱ። ነገር ግን ብዙ ሰው ዕለት ዕለት የሚጠራበትን ስም ትርጓሜ ሳይጠይቅ ይኖራል። ይልቁንም ስሙ ከሩቅ አገር ቋንቋ የመጣ እንደ ሆነ፥ እንደ ተዘጋ ሣጥን ተሸክሞት ይዞራል እንጂ በውስጡ ያለውን አያየውም።

በሆሣዕና ከተማና በዙሪያዋ ባለው በሌሞ ምድር፥ እንዲሁም በከምባታ ከተሞች፥ ጴጥሮስና እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስና እንድርያስ፥ ቴዎድሮስና እሌኒ የሚሉ ስሞች እንግዳ አይደሉም። እነዚህ ሁሉ የጽርዕ፥ ማለት የግሪክ ቋንቋ ስሞች ናቸው። ጽርዕም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቅርብ ዘመን አይደለም። በአክሱም ነገሥታት ዘመን በገንዘብ ላይ ይቀረጽ፥ በድንጋይም ላይ ይጻፍ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና የድሉን ታሪክ ከግእዝ ጋራ በጽርዕም አስቀርጿል። ሐዲስ ኪዳንም ወደ ግእዝ የተመለሰው ከጽርዕ ነበርና፥ የሐዋርያቱ ስም በዚያው ድምፅ ጸንቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቄስ ሲያጠምቅ፥ ሰባኪም ሲያስተምር፥ ስሞቹ ከመጽሐፍ ወጥተው ወደ ሰው ቤት ገቡ።

እንግዲህ ሣጥኑ ሲከፈት ይህ ይገኛል። ጴጥሮስ ማለት ዐለት ነው፤ ይኸውም ጌታ ስምዖንን ኬፋ ብሎ የጠራበት የአራማይስጥ ስም ወደ ጽርዕ ተመልሶ ነው። እስጢፋኖስ ማለት አክሊል ነው፤ ስለዚህ ልጁን እስጢፋኖስ ያለና ልጁን አክሊሉ ያለ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ አሳብ ተገናኝተዋል። ቴዎድሮስ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ሲሆን ሀብተ እግዚአብሔር ለሚለው ስም ወንድሙ ነው። ቴዎፍሎስ የእግዚአብሔር ወዳጅ፥ እንድርያስ ወንድነት ያለው፥ ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ፥ ሶፍያም ጥበብ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጊዮርጊስ ነው። ሰው ይህን ስም ሲሰማ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋውን ሰማዕት ያስባል። የቃሉ ትርጓሜ ግን ገበሬ፥ ምድርን የሚሠራ ማለት ነው። በሌሞ እንሰቱን ተክሎ መሬቱን ቆፍሮ የሚያድር ሰው ልጁን ገብረ ጊዮርጊስ ሲያሰኝ፥ ሳያውቀው የገዛ ሥራውን በልጁ ስም ላይ ጽፏል። ልጁም አድጎ፥ ትምህርት ተምሮ፥ ከተማ ከገባ በኋላ ገበሬን የሚንቅ ቢሆን የገዛ ስሙ ይፈርድበታል።

ይሁን እንጂ በ«ስ» የሚጨርስ ስም ሁሉ ጽርዕ ነው ማለት አይደለም። ዮሐንስ፥ ኤልያስ፥ ማቴዎስ በዕብራይስጥ የተወለዱ ናቸው፤ የጽርዕ ቋንቋ በብዙ የወንድ ስም መጨረሻ «ስ» ያደርጋልና የእርሱን ልብስ ለብሰው መጡ። ጳውሎስና ማርቆስ ደግሞ የሮማይስጥ ናቸው፤ ጳውሎስም ማለት ትንሽ ነው። የከተማይቱ ስም ሆሣዕና ራሱ ከዕብራይስጥ የመጣ ሲሆን፥ እባክህ አድን ማለት ነው። ከተማይቱ ግን ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ የሚጠራው በዚሁ በቀድሞው ስም ነው።

የጽርዕ ስም ከሀድያ ልጆች ጋራ ከተገናኘም ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሀድያ ገራድ ልጅ የነበረችው ንግሥት እሌኒ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ በ15ኛው መቶ ዓመት፥ ወደ ቤተ መንግሥት ገባች። በ1500 ዓ.ም. ገደማ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ በነገሠ ጊዜም መንግሥቱን በእንደራሴነት ጠበቀች፤ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ አድርጋ ላከች፤ በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራች። ስሟ መስቀሉን አስቆፍራ ያገኘችው የቆስጠንጢኖስ እናት ስም ነው። ይህንም ስም በጽርዕ ችቦ ከሚለው ቃል ጋራ የሚያያይዙት ሊቃውንት አሉ። ሀድያ በመስከረም ያሆዴን ሲያከብር፥ የመስቀልም ደመራ ሲለኮስ፥ ይህን ስም ማስታወስ ይገባል። ነገር ግን ይህችን ታላቅ ሴት ታሪክ የሚጠራት እሌኒ ብሎ ነው፤ ስለ አባቷ ቤት የሚናገረው ስሟ ሳይሆን ትውልዷ ነው።

ነገሩ የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ በአያቱም ስም ይጠራል እንጂ፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የማይለወጥ የቤተ ሰብ ስም የለም። አያት የሀድይሳ ስም ቢኖረው፥ አባት ጴጥሮስ፥ ልጅ እስጢፋኖስ ቢባል፥ የአያቱ ስም በመዝገብ ሦስተኛ ሆኖ ይቆያል። እስጢፋኖስ ልጅ ሲወልድ ግን ከመዝገቡ ይወጣል። ማንም አልሻረው፥ ማንም አልጠላው፤ ብቻ ቦታ አጣ።

በሌሞ ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ቢነሣ ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። ወጣቱ አባት «አባቴ፥ ልጁ በሰማዕት ስም ይጠራ፤ በሄደበት አገር ሁሉ ስሙን ይወቁለት» ይላል። ሽማግሌውም «መልካም ነው ልጄ፤ የአባቴን ስም ግን ማን ይጥራው?» ይላል። የጽርዕን ስም ትርጓሜ መጻሕፍት ይጠብቁታል፤ ሺህ ዓመት ቢያልፍ የሚፈልገው ያገኘዋል። የሀድይሳውን ስም ትርጓሜ፥ በማን ዘመን፥ በምን ምክንያት እንደ ወጣ፥ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የአያት አፍ ብቻ ነው። ያ አፍ ዝም ካለ በኋላ መምህር ቢጠየቅ አይመልስም።

ለዚህ ክርክር ወንጌል ራሱ ምሳሌ አለው። ጴጥሮስ አዲሱን ስም በተቀበለ ጊዜ አሮጌው አልተቀደደም፤ ስምዖን ጴጥሮስ ተብሎ ተጻፈ እንጂ። ቶማስም መንታ ማለት ነውና፥ ይኸው ትርጓሜ በጽርዕ ዲዲሞስ ተብሎ ከጎኑ ተጻፈለት። የቀደሙት ሰዎች ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጓሜውን አብረው አሻገሩ፤ የቀደመውንም ስም አልጣሉም።

ስለዚህ ልጁን በጽርዕ ስም የሚጠራ አባት የሚነቀፍበት የለም። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ግን ሁለት ነገር ሊነግረው ይገባል፤ አንደኛው የስሙን ፍች ነው፥ ሁለተኛው የቅድመ አያቱን ስም ከነፍቹ ነው። ይህንንም በቤቱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍለት። አያቲቱ ዛሬ በሕይወት ሳለች የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አይደርበት።