ደብተሩና የአንጎል ፎቶው

እናታችንን አዲስ አበባ አስመርምረን ከተመለስን ወዲህ ሱቃችን የሚገባ ሰው ሁሉ ስለ "አንጎል ፎቶ" ይጠይቀናል። "የመርሳት በሽታን ቀድሞ ያሳያል ይባላል፤ እኛም እናታችንን እንውሰድ ወይ?" ይሉናል። ለእያንዳንዱ ከምንደግመው ያየነውን እዚህ ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

ሞያሌ ላይ የምንነግድ ሦስት እህትማማቾች ነን። ሥራውን ያስተማረችን እማዬ ናት። ብርና ሽልንግ በቃሏ ትመነዝር ነበር፤ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ደብተር ሳትገልጥ ትናገር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከሣጥኑ ገንዘብ መጉደል ጀመረ። ሱቅ የምታግዘንን ልጅ ጠረጠርንና አሰናበትናት። ልጅቷ ከሄደች በኋላም ጉድለቱ አልቆመም። ደብተሩን ቁጭ ብለን ስናመሳክር አንድ አከፋፋይ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል። ሁለቱንም የከፈለችው እማዬ ናት። ስንጠይቃት "እኔ? መቼ?" አለችን።

ጎረቤት "እርጅና ነው" አለ። ጠበል ወሰድናት፤ ዛሬም እንወስዳታለን። ጥፋታችን ሐኪም ዘንድ ሳንሄድ ዘጠኝ ወር መቆየታችን ነው።

ናይሮቢም አዲስ አበባም ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። አዲስ አበባን የመረጥነው በቋንቋው ምክንያት ነው። ማሽኑ ቋንቋ አይጠይቅም፤ የሐኪሙ ጥያቄ ግን ይጠይቃል። ሐኪሙ መጀመሪያ ወደ ማሽን አልላካትም። "እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" አላት፤ ሦስት ቃላት ነግሯት ቆይቶ ጠየቃት፤ ሰዓት አስሳላት። ከእኛም የገንዘቡን ነገር በዝርዝር ሰማ። ቀጥሎ ደም አዘዘ፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ሰውን ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ኤምአርአይ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ስለሆነ ብረት አይገባም። እማዬ የአንገቷን መስቀል አላወልቅም ብላ ብዙ ለመነችን። በመጨረሻ ታናሻችን እጇ ላይ ጨብጣ እንደምትቆይ ቃል ገብታላት ገባች። ስትወጣ "ወፍጮ ቤት አስገባችሁኝ" አለችን፤ ጩኸቱ እውነትም ወፍጮ ይመስላል።

ይህ ፎቶ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ማየት ነው፤ ዕጢ፣ ወድቆ የፈሰሰ ደም፣ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ የደም ሥር ጉዳት። አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሁለተኛው አንጎል የቱ ጋ እንደሳሳ ማየት ነው። በአልዛይመር ቀድሞ ከሚሳሱት አንዱ አዲስ ነገር የምንይዝበት ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ነው። የእማዬ በሁለቱም በኩል ሳስቶ ነበር። ሐኪሙ ግን "ፎቶው ብቻውን አይፈርድም፤ እናንተ ከነገራችሁኝና ከፈተናው ጋር ሲገጥም ነው አልዛይመር ነው የምለው" አለን።

ዱባይ ያለው ወንድማችን አልተዋጠለትም። "ፔት ስካን የሚባል አለ፤ መኪናውን ሽጠን እንውሰዳት" አለ። አለ፤ እውነት ነው። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በሽታውን ሲገልጽ ያየው የሞተች ታማሚውን አንጎል ነው። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የሚባለውን ክምችት በፔት ማየት የተቻለው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ2002 ስዊድን ውስጥ በሰው ላይ ሲሞከር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መርፌ በ110 ደቂቃ ውስጥ ጨረሩ በግማሽ ይቀንሳል። ጫት የነገደ ሰው ይገባዋል፤ ይህ ከጫት ይልቅ ቶሎ የሚጠወልግ ሸቀጥ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ብቻ አይበቃም፤ መርፌው ቅርብ መመረት አለበት።

ሐኪሙ ለወንድማችን በስልክ አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ "ውጤቱ ቢመጣ ምን ትለውጣላችሁ?" እንደ ሌካኔማብ ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ገና በጅምር ላለ ሰው ናቸው፤ በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፤ አንጎል እንዳይደማና እንዳያብጥም በተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይጠይቃሉ። እማዬ ያንን ደረጃ አልፋለች። መኪናው አልተሸጠም።

እኛም በአርባዎቹ ውስጥ ነንና ስለ ራሳችን ጠየቅን። ክምችቱ ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት በፊት ሊጀምር ይችላል። ቢሆንም ክምችቱ እያለባቸው ሳይታመሙ የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ስላሉ፣ ምንም ላልተሰማው ሰው ይህ ምርመራ አይመከርም አለን። የደም ምርመራም እየመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ አንዱን ፈቅዳለች፤ እሱም ቢሆን ምልክት ላለው ሰው ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው፣ 14 መንስኤዎችን ማስወገድ ቢቻል ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግርና ሲጋራ ከእነሱ መካከል ናቸው። ግፊታችንን የለካነው ያኔ ነው፤ የታላቃችን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀምራለች።

አሁን ክፍያ ሁለት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። እማዬ ስልካችን የተጻፈበት ካርድ በቀሚሷ ኪስ ተሰፍቶላታል፤ አንድ ቀን ድንበሩን ብቻዋን ተሻግራ ነበርና። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ትቀመጣለች፤ የድሮ ደንበኞቿን በስም ትጠራለች።

ስለዚህ ለምትጠይቁን መልሳችን ይህ ነው። ሒሳብ የማይሳሳት ሰው ሒሳብ መሳሳት ከጀመረ፣ የሚያውቀው መንገድ ከጠፋው፣ ያንኑ ጥያቄ ከደጋገመ፣ ማሽን ከመፈለጋችሁ በፊት ሐኪም ፈልጉ። ያያችሁትን ከነቀኑ ጽፋችሁ ሂዱ። ፎቶው የሚያስፈልግ ከሆነ እሱ ይልካችኋል። ቀድሞ ማወቅ ሕመሙን ባይመልሰውም ሰው በሰው ላይ ከመፍረድ ያድናል።

ያሰናበትናትን ልጅ ፈልገን እናቷ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። ይቅር ብላናለች። ወደ ሱቃችን ግን አልተመለሰችም፤ አሁን የምትሠራው ከእኛ ሦስት ሱቅ አልፎ ነው። እማዬ በዚያ ስታልፍ እጇን ይዛ የምታመጣልን እሷ ናት።