ስለ ቦቢ ቺፕ የተወራውና እውነቱ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ውሻ ነው። «ውሻ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ሰፈሬ ገርጂ ነው። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ባለፈው ዓመት ወደ ጀርመን ሊሄዱ ሆነ። ልጃቸው ጓደኛዬ ነው፤ ውሻው ቦቢ ደግሞ ከቡችላነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነው። ቲኬቱ ለሐምሌ ተቆረጠ። ቦቢም በሚያዝያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ስለተከተበ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው ነበር። በግንቦት ግን የእንስሳት ሐኪሙ ጉዱን ነገራቸው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ ሊኖረው ይገባል። ክትባቱም የሚቆጠረው ቺፑ ከገባ በኋላ ወይም በዚያው ቀን ከተሰጠ ብቻ ነው። ቁጥር ከሌለው የተከተበው ይሄው ውሻ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ ለቦቢ ቺፕ ገባለትና እንደገና ተከተበ። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ተወስዶ ይመረመራል። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ውሻ ደግሞ ደሙ ከተወሰደ በኋላ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። እስቲ ደምሩት! ሐምሌ ደረሰ፣ ቤተሰቡ ሄደ፣ ቦቢ እኛ ጋ ቀረ።

ያኔ ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። አንዲት እናት «ይሄ ነገር የምናወራውን በሳተላይት ይሰማል» ብለው፣ ቦቢ በረንዳው ላይ ከተኛ ቡና አልጠጣም አሉ። ሌላው «ባትሪው ሲያልቅ ውሻው ይታመማል» አለ። የበሩ ጥበቃ ጋሼ ደግሞ «ቺፕ ካለው አያብድም» ብለው ተማመኑ። እኔም ሐኪሙን ጠየቅሁ።

ቺፑ ትልቅ የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀዶ ጥገና የለውም። በመርፌ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሐል ከቆዳ ሥር ይገባል። ባትሪ ስለሌለው የሚያልቅ ነገር የለም። ማይክሮፎንም ጂፒኤስም የለውም፤ ስለዚህ አይሰማም፣ ውሻው የት እንዳለም አይናገርም። በውስጡ ያለው 15 አሃዝ ቁጥር ብቻ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ባርኮድ ሲነበብ አይታችኋል አይደል? እሱም እንደዚያ ነው፤ ማንበቢያው ሲጠጋው ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲርቅ ዝም ይላል። የእኛ ፋይዳ 12 አሃዝ አለው፤ የቦቢ ደግሞ 15! ታዲያ ቁጥሩ ከባለቤቱ ስምና ስልክ ጋር ካልተመዘገበ ምንም አይጠቅምም።

የጋሼ አባባል ግን ከሁሉም ያሳስበኛል። የሚያስቀው የሳተላይቱ ወሬ ማንንም አይጎዳም፤ ይሄኛው ግን ሰው ይገድላል። ቺፕ መታወቂያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከእብድ ውሻ በሽታ የሚከላከለው ክትባት ነው፤ እሱም በጊዜው መታደስ አለበት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «ቺፕ አለው» ወይም «የጎረቤት ውሻ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት።

ጓደኛዬ በየቅዳሜው በቪዲዮ እየደወለ «ቦቢ!» ሲል፣ ውሻው ስልኩን ትቶ ወደ በሩ ይሮጥ ነበር። እናቴ ይሄን እያየች ታለቅስ ነበር። በጥቅምት አባትየው ራሱ መጥቶ ወሰደው። ከመሄዳቸው በፊት ሐኪሙ የመሣሪያውንና የወረቀቱን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ልክ ነበር።

በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በአያት ውሻ ያላችሁ ልጆች፣ ቤታችሁ ጉዞ ከታሰበ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ወላጆቻችሁን «መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ ክትባት» በሏቸው። የማትሄዱም ብትሆኑ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ማንበቢያው በየቤቱ ስለሌለ አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን እሰሩለት። ቢጠፋ የሚያገኘው ሰው ይደውልላችኋል።